የአስተናጋጁን ዕቃ ለእንግዳ ማሽን ስለ መስጠት፦ የቀድሞውን ቅንብር ሳያፈርሱ የማሻሻል አጭር ታሪክ

መግቢያ

በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር፥ በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ፥ አንድ ሰርቨር ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ከተተከለ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የተከለው ባለሙያ በዝውውር ይሄዳል፤ ቅንብሩን የጻፈበት ደብተር ይጠፋል፤ ማሽኑ ግን በየማለዳው እየተነሣ የቡናውን ሒሳብ፥ የሠራተኛውን ደመወዝና የባለጉዳዩን መዝገብ ያወጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ማሽን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ሊያስብበት የሚገባው አዲሱ ነገር መሥራቱን ብቻ አይደለም፤ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬም መሥራቱን ጭምር ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተነሣሣነው ለተግባር ልምምድ በሄድንበት በአንድ መሥሪያ ቤት ባየነው ነገር ነው። በዚያ ቤት አንድ አሮጌ የሒሳብ ፕሮግራም በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙም ካልተሰካለት የማይከፈት አንድ ትንሽ የዩኤስቢ ቁልፍ ነበረው። አንድ ቀን አቧራ ለመጥረግ ሲባል ቁልፉ ተነቀለና በሌላ ቀዳዳ ተሰካ። ቁልፉም ያው፥ ፕሮግራሙም ያው ሳለ ሒሳቡ አልከፈት አለ፤ የወሩም ደመወዝ ሦስት ቀን ዘገየ። ኋላ እንደ ተገኘው ምክንያቱ ቀላል ነበር። ቅንብሩ ቁልፉን የሚያውቀው በማንነቱ ሳይሆን በተሰካበት ቦታ ቁጥር ነበረ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ የአስተናጋጁን ማሽን እውነተኛ ዕቃ ለእንግዳ ማሽን የመስጠት ዘዴ ከመነሻው እስከ ዛሬ እንዴት እንደ ተለወጠ ማሳየት፥ በየጊዜውም የቀድሞው ቅንብር እንዴት እንደ ተጠበቀ ወይም እንደ ፈረሰ መመርመር ነው። በእኛ አስተያየት ታሪኩ የሚያስተምረው አንድ ዋና ነገር አለ፤ እርሱም እንግዳው የሚያውቀው ስምና የአስተናጋጁ እውነተኛ ቁጥር በተለያዩበት ጊዜ ሁሉ ማሻሻል እንደ ተቻለ፥ ሁለቱ በተቀላቀሉበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ የቀድሞው ሥራ እንደ ፈረሰ ነው። ስለ ውጭ አገር ሥራዎች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የቃላት ትርጉም

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ኃይል የሚኖር፥ ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒዩተር የሚቆጥር ማሽን ነው። እውነተኛውን ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፥ በውስጡ ያለውን እንግዳ ብለን እንጠራለን። እንግዳው ዕቃ የሚያገኝበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው፥ አስተናጋጁ የሌለውን ዕቃ አስመስሎ ያሳየዋል። ሁለተኛው፥ አንዱን ዕቃ ለብዙዎች እያከፋፈለ ያገለግለዋል። ሦስተኛው፥ እውነተኛውን ዕቃ ለብቻው አስረክቦት እርሱ ራሱ እጁን ያነሣል። የእኛ ምርመራ የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በሸካ ደን ውስጥ ኮቦ የሚባል የቆየ ይዞታ አለ። ደኑ አንድ ሆኖ ሳለ፥ በውስጡ አንዱ ክፍል የአንድ ቤተ ሰብ ኮቦ ይሆናል፤ በዚያ ባሉት ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ያ ቤተ ሰብ ብቻ ነው። ዛፉ ከደኑ አልወጣም፤ ጥቅሙ ግን ተለይቶ ተሰጥቷል። ለእንግዳ ማሽን የተሰጠ ካርድም እንዲሁ ነው። በአስተናጋጁ ሣጥን ውስጥ ተሰክቶ ይኖራል፤ የሚያዝዘው ግን እንግዳው ብቻ ነው።

1. የካምብሪጅ መነሻ

የዚህ አሳብ መነሻ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፥ ካምብሪጅ ከተማ የነበረው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ነው። በ1964 በሮበርት ክሪዚ መሪነት ሲ.ፒ.-40 የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ በ1967ም ለአገልግሎት በቃ። ይህ ፕሮግራም ሥርዓት 360 ሞዴል 40 የተባለውን አንድ ኮምፒዩተር እስከ 14 ቨርቹዋል ማሽኖች ድረስ ያከፋፍል ነበር። ከእርሱ ሲ.ፒ.-67 ተወለደ፤ በነሐሴ ወር 1972 ደግሞ ቪ.ኤም./370 በአይ.ቢ.ኤም. ስም ይፋ ሆነ።

በቪ.ኤም./370 ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በአንድ መዝገብ ውስጥ ቃል ይጻፍለት ነበር። ዲስኩ ተቆራርሶ በትናንሽ ድርሻ ይሰጠዋል፤ የካርድ ማንበቢያውና የማተሚያው ሥራ በወረፋ ይስተናገድለታል። አንድን ዕቃ ሙሉ ለሙሉ ለመስጠት ግን ሌላ ቃል ነበረ። በዚህ ቃል ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ እንግዳው የሚያየው አድራሻ፥ ሁለተኛው የዕቃው እውነተኛ አድራሻ ነው። ማሽኑ እየሠራ ሳለም የማሽኑ ጠባቂ በአንድ ትእዛዝ ይህንኑ ማድረግ ይችል ነበር።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይህን ይመስላል። ተጠቃሚዎች የሚሠሩበት ሲ.ኤም.ኤስ. የተባለው ሥርዓት የመጀመሪያውን የቴፕ ማጫወቻ የሚፈልገው በ181 ቁጥር ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ ማጫወቻ ግን 580 ሊሆን ይችላል። ጠባቂው «580ን ለእገሌ 181 ብለህ ስጥ» የሚል ትእዛዝ ይጽፋል። በማግሥቱ ማጫወቻ 580 ቢበላሽ 581ን 181 ብሎ ይሰጣል። የተጠቃሚው ፕሮግራም ግን ለውጡን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገው።

ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ እንደ ሆነ እናምናለን። እውነተኛው ዕቃ ይለወጣል፥ ይሰበራል፥ ይዛወራል፤ እንግዳው የሚያውቀው ቁጥር ግን ጸንቶ ይኖራል። ከላይ ባነሣነው መሥሪያ ቤት የጠፋው ይኸው ከ50 ዓመት በፊት የታወቀ ልዩነት ነበር።

ከዚህም ጋር ሌላ የጥንቃቄ ሥራ ነበረ። እንግዳው ለዕቃው ትእዛዝ ሲጽፍ የሚጠቅሰው የማህደረ ትውስታ አድራሻ የራሱ እንጂ እውነተኛው አይደለም። ስለዚህ ሲ.ፒ. ትእዛዙን በመካከል ተቀብሎ፥ አድራሻዎቹን ወደ እውነተኞቹ ተርጉሞ ያስተላልፍ ነበር። በዚህ ምክንያት አንዱ እንግዳ የሌላውን ቤት ሊያበላሽ አይችልም ነበር።

2. ሥራው ወደ ትናንሾቹ ኮምፒዩተሮች ሲመጣ

በ1974 ፖፔክና ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ አንድ ኮምፒዩተር ቨርቹዋል ማሽንን ለማስተናገድ ምን ምን ሊያሟላ እንደሚገባው በጽሑፍ ወሰኑ። ኋላ በየቢሮው የተስፋፋው የኢንቴል ዘር ፕሮሰሰር ግን ይህን መስፈርት ለብዙ ዓመታት አያሟላም ነበር። ቪ.ኤም.ዌር በ1999፥ በእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዜን በ2003፥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ እንቅፋቱን አለፉት። ከዚያም ፕሮሰሰሮቹ ራሳቸው ስለ ተሻሻሉ፥ በየካቲት ወር 2007 በወጣው ሊኑክስ ከርነል 2.6.20 ውስጥ ኬ.ቪ.ኤም. ገባ።

ነገር ግን ዕቃን ለእንግዳ የማስረከቡ ጉዳይ በትንሹ ኮምፒዩተር ላይ ከባድ ሆነ። በካምብሪጁ ማሽን ትእዛዙ በአስተናጋጁ እጅ በኩል ያልፍ ነበር። በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ግን እንግዳው ካርዱን በቀጥታ ያዝዛል፤ ካርዱም ፕሮሰሰሩን ሳይጠይቅ ወደ ማህደረ ትውስታ ይጽፋል። እንግዳው «በ1,000ኛው ቦታ ላይ ጻፍልኝ» ቢለው፥ ካርዱ የእንግዳውን 1,000 ከእውነተኛው 1,000 ለይቶ አያውቅም። እውነተኛው ቦታ የአስተናጋጁ ወይም የሌላ እንግዳ ቢሆን ያበላሸዋል።

መድኃኒቱ በካርዱና በማህደረ ትውስታው መካከል የሚቆም ተርጓሚ ሃርድዌር ሆነ። እርሱም አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. ይባላል። ኢንቴል በቪ.ቲ.-ዲ ስም፥ ኤ.ኤም.ዲ.ም በበኩሉ በ2000ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ ላይ አወጡት። ሲ.ፒ. በፕሮግራም ይሠራው የነበረውን ትርጉም አሁን ሃርድዌር ሠራው ማለት ነው። ከዚህ ጋር በተያያዘ በ2007 ኤስ.አር.-አይ.ኦ.ቪ. የተባለው ደንብ ወጣ፤ በእርሱም አንድ ካርድ ራሱን ከፋፍሎ ለብዙ እንግዶች እንደ ብዙ ካርድ መታየት ቻለ።

3. ከአሮጌው ዘዴ ወደ አዲሱ መሻገር

ሊኑክስ የመጀመሪያውን የኬ.ቪ.ኤም. ዕቃ ማስረከቢያ ዘዴ የተቀበለው በ2008 መጨረሻ ነው። ሥራውን ሠራ፤ ጉድለትም ነበረበት። ዘዴው ከኬ.ቪ.ኤም. ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነበር፤ አንዱን ካርድ ከጎረቤቱ ካርድ መለየት ይቻል እንደ ሆነና እንዳልሆነም አጥብቆ አይመረምርም ነበር። አንዳንድ ካርዶች በአንድ መስመር ላይ ስለሚገኙ ተርጓሚው ሃርድዌር አንዱን ከሌላው አይለይም። እንደነዚህ ያሉት አንድ ቡድን ናቸው፤ አንዱን ለእንግዳ ሰጥቶ ሌላውን ለአስተናጋጁ ማስቀረት አደጋ አለው።

በ2012 በወጣው ከርነል 3.6 ውስጥ ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የተባለ አዲስ ዘዴ ገባ። አሳቡን በመጀመሪያ ያመነጨው የሲስኮው ቶም ላየን ሲሆን፥ ለፍጻሜ ያበቃው የሬድ ሃቱ አሌክስ ዊሊያምሰን ነው። አዲሱ ዘዴ ከኬ.ቪ.ኤም. ተለይቶ የቆመ ነበር፤ የመስጫውንም መለኪያ ነጠላ ካርድ ሳይሆን ቡድን አደረገ።

ለታሪክ ተመራማሪ ቁም ነገር የሚሆነው ከዚህ በኋላ የተደረገው ነው። በዓለም ላይ በአሮጌው ዘዴ የተጻፉ ብዙ ቅንብሮች ነበሩ። እነዚህን የሚያነብበውና ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሊብቨርት የተባለው ፕሮግራም ነበር። አዘጋጆቹ የአሮጌውን ቃል ትርጉም በአንድ ቀን አልለወጡም። በ2013 በወጣው እትም 1.0.5 በቅንብሩ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ቃል ፈቀዱ፤ የፈለገ ሰው አዲሱን ዘዴ በስሙ ጠርቶ ይጽፋል፤ ምንም ያልጻፈ ግን በአሮጌው ይቀጥላል። በዚያው ዓመት በእትም 1.1.3 ሁለተኛውን እርምጃ ወሰዱ። ምንም ያልተጻፈበት ቅንብር፥ በአስተናጋጁ ላይ ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. ተጭኖ ከተገኘ በአዲሱ፥ ካልተገኘ በአሮጌው እንዲሠራ ሆነ። አሮጌውን በስሙ ጠርቶ የጻፈ ሰው ግን የጻፈው ተከበረለት። አሮጌው ዘዴ ከከርነሉ ጨርሶ የወጣው በ2017 በእትም 4.12 ነው። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ አምስት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ኖሩ።

ይሁን እንጂ ይህ መሻገሪያ ያለ ጉዳት አለፈ ብንል እውነት አይሆንም። አዲሱ ዘዴ ቡድኑ በሙሉ ከአስተናጋጁ እጅ እንዲወጣ ግድ ስለሚል፥ በአሮጌው ይሠሩ የነበሩ አንዳንድ ቅንብሮች በአዲሱ አልነሣ አሉ። የቅንብሩ ቃል አልተለወጠም፤ የቃሉ ትርጉም ግን ተለውጧል። እኛ ግን በአዘጋጆቹ ላይ መፍረድ አንወድም። የተከለከለው ነገር ድሮም አደገኛ ነበር፤ አሮጌው ዘዴ ዐይኑን ጨፍኖ ያሳልፈው ስለ ነበር ብቻ ደኅና መሰለ። የቀድሞውን ቅንብር መጠበቅ ማለት የቀድሞውን ስሕተት ለዘለዓለም መጠበቅ ማለት አይደለም። ልዩነቱ፥ ሰው ቀድሞ ተነግሮትና ጊዜ ተሰጥቶት መሻገሩ ወይም ሳይነገረው አንድ ማለዳ ማሽኑ አልነሣ ማለቱ ላይ ነው።

4. እንግዳው የሚያየው ገጽ

እስካሁን የተመለከትነው የአስተናጋጁን ወገን ነው። በእንግዳው ወገንም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። እንግዳው ውስጥ ያለው ሥርዓት የኔትወርክ ካርዱን በተሰካበት ቦታ ያውቀዋል። አንድ ሌላ ዕቃ ተጨምሮ የቀድሞው ካርድ ወደ ሌላ ቦታ ቢገፋ፥ ሊኑክስ ስሙን ሊለውጠው፥ ዊንዶውስም እንደ አዲስ ካርድ ቆጥሮ የተጻፈለትን ቋሚ አድራሻ ሊተው ይችላል። ካርዱ ያው ሳለ ማሽኑ ከኔትወርክ ይጠፋል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሊብቨርት እንግዳው መጀመሪያ ሲመዘገብ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሰጠውን ቦታ በቅንብሩ ውስጥ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ኋላ የሚመጣ ዕቃ በተረፈው ቦታ ይገባል እንጂ የቀደመውን አያፈናቅልም። ሁለተኛው፥ ኪው-ኢሙ የተባለው አስመሳይ ፕሮግራም ለእንግዳው የሚያሳየውን የማሽን ዐይነት በስምና በእትም ቁጥር ይሰይማል። የቆየው ዐይነት በ1996 የወጣውን የኢንቴል 440 ኤፍ.ኤክስ. ቺፕ የሚመስል ነው፤ በ2013 ደግሞ ኪው35 የተባለው አዲስ ዐይነት ተጨመረ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አልተሰረዘም። በአሮጌው የተመዘገበ እንግዳ፥ አስተናጋጁ ቢታደስም፥ ያንኑ የሚያውቀውን ገጽ ያያል። የእትሙ ቁጥር ያረጀ እንደ ሆነ ግን በማስታወቂያ ቀስ በቀስ ይወጣል።

5. በቁጥር ወይስ በስም

በመጨረሻ ወደ ራሳችን አገር ጉዳይ እንመለስ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫው በአንድ ከተማ አልተወሰነም፤ በቦንጋ፥ በሚዛን አማን፥ በቴፒና በተርጫ ተከፋፈለ። አንድ መሥሪያ ቤት በአራቱ ከተሞች አራት አስተናጋጅ ማሽኖች ቢኖሩት፥ የቴፒው ቢበላሽ እንግዳው ወደ ሚዛን ተወስዶ እንዲነሣ ይፈለጋል እንበል። በቴፒ የኔትወርክ ካርዱ በ1ኛው መስመር፥ በሚዛን በ3ኛው መስመር ተሰክቶ ቢገኝ፥ በቁጥር የተጻፈ ቅንብር በሚዛን ሌላ ዕቃ ያነሣል ወይም ምንም አያገኝም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ፕሮክስሞክስ የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ በሰኔ ወር 2023 ባወጣው ስምንተኛ እትም ለዕቃዎች ስም የመስጠትን ሥርዓት አስገባ። አስተዳዳሪው ለምሳሌ «የመዝገብ ካርድ» የሚል አንድ ስም ያወጣል፤ ስሙም በእያንዳንዱ አስተናጋጅ ላይ የትኛውን ቁጥር እንደሚያመለክት በሌላ ሠንጠረዥ ይጽፋል። እንግዳው የሚጠራው ስሙን ብቻ ነው። በቀጥታ በቁጥር የተጻፉት የቀድሞ ቅንብሮችም አልተሻሩም፤ እንደ ድሮው ይሠራሉ። ይህም ሲታይ የ181ና የ580 ነገር ተመልሶ መምጣቱ ነው።

በዚሁ ዓመት መጀመሪያ በከርነል 6.2 የገባው አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ.-ኤፍ.ዲ. የተባለው አዲስ ዘዴም የቪ.ኤፍ.አይ.ኦ.ን የቀድሞ መግቢያ አስመስሎ የሚያቀርብ ክፍል ይዞ መጣ። በ2012 አዲስ የነበረው ተራው ደርሶ የሚጠበቅ አሮጌ ሆነ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፥ እንግዳው የሚያውቀው ስም ከዕቃው እውነተኛ ቁጥር ተለይቶ ይኑር። ሁለተኛ፥ አዲስ ዘዴ በአዲስ ቃል ይጠራ እንጂ የአሮጌው ቃል ትርጉም በድንገት አይለወጥ። ሦስተኛ፥ መውጣት ያለበት አሮጌ ነገር በማስታወቂያና በጊዜ ይውጣ።

ቀደም ብለን የጠቀስነው የኮቦ ነገርም እዚህ ላይ ይመለሳል። በሸካ የደን መሬት ለእርሻ ልማት በተሰጠ ጊዜ፥ በመንግሥት ወረቀት ላይ ደኑ ባለቤት የሌለው ይመስል ነበር፤ ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች ግን ባለቤት ነበራቸው። ሰጪው ክፍት ነው ብሎ የሰጠው ቦታ ለሌላው የተያዘ ነበር። በመዝገብ ያልሰፈረ የቀድሞ ድልድል በአዲስ ድልድል እንዴት እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። በማሽንም ሆነ በመሬት፥ ከመስጠት በፊት ማን ምን ይዞ እንደሚኖር መጠየቅና መጻፍ ይገባል።

ስለዚህ በአገራችን ሰርቨር የሚተክሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ዕቃውን ለእንግዳ ሲሰጡ ስሙንና ቁጥሩን ለይተው፥ የምን ዕቃ እንደ ሆነና ለምን እንደ ተሰጠ በአማርኛ ጽፈው በዚያው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን። ያ የዩኤስቢ ቁልፍ ዛሬ በአምራቹና በዐይነቱ መለያ ተጽፎ በየትኛውም ቀዳዳ ቢሰካ ይታወቃል። ማስተካከያው ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር። ከሦስቱ ቀን አብዛኛው ያለፈው ግን ቅንብሩን የጻፈው ባለሙያ የት እንደ ተዛወረ ሲፈለግ ነው።

በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት ቢገኝ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንጠይቃለን።